ለከርሞ የተገዛ ልብስ

ዘፈኑ ከሞላ ጎደል አልቋል። ርዕስ ግን የለውም። ድራም መቺያችን «ሰፊ ልብስ» እንበለው ይላል፤ እኔ ደግሞ የቡቲክ ማስታወቂያ ይመስላል እላለሁ። ርዕሱ ይቆይ። የፍቅር ዘፈን ቢሆን ኖሮ ዓምና ተቀድቶ፣ ዘንድሮ ተረስቶ ነበር። እንዲህ ያንገላታን ስለ ማደግ መሆኑ ነው።

ሦስት ነበርን። እኔ ጊታር እጫወታለሁ፣ አንዱ ድራም ይመታል፣ ሌላው ቤዝ ጊታር እየተጫወተ ይዘፍናል። የምንለማመደው ባሕር ዳር፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከድራም መቺው አያት ቤት ጓሮ ባለች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። አያቱ ስለ ጫጫታው ተቆጥተውን አያውቁም። «ጆሮዬ ድሮም አይሰማ» ይላሉ፤ ስናበላሽ ግን በመስኮት ብቅ ይላሉ። ክረምት ላይ መቅዳት አይታሰብም። ከጣና የተነሣው ደመና ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር አምፕሊፋየሩንም አጥፍቶ ቡና መጠጣት ነው የሚሻለው።

ዘፈኑን የወለደው ሰዓት እላፊ ነው። ቀደም ሲል አልፎ አልፎ በሆቴል ምሽቶች ላይ የሰው ዘፈን እንጫወት ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ብዙም ሳይቆይ የምሽት እንቅስቃሴ ተገደበ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ተዘጋ። የሆቴሉ ሥራ ቀረ። አዲስ ዘፈን አውርዶ ማጥናትም ቀረ። ከመሸ በኋላ ጊታሬን ከምንም ነገር ጋር ሳላገናኝ፣ ጎረቤት በማይሰማው ድምፅ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እነካካ ነበር። ከሰው የምንወስደው ሲጠፋ የራሳችንን መሥራት ጀመርን። በደርግ ዘመን የነበረው ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የምሽት ክበቦች አዳክሞ፣ ትልልቆቹ ባንዶች ሲበተኑ ኪቦርድ ቦታቸውን እየያዘ እንደ ሄደ የሙዚቃችን ታሪክ ሲነሣ ይወራል። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላበጠ። ኪቦርድ ሳይኖረን ተዘጋብን፣ ባንድ ሆነን ወጣን።

የምንጫወተውን ኢንዲ ሮክ ስለው ሰዎች የባንድ ስም ይመስላቸዋል። ከትልልቅ አሳታሚዎች ደጅ ሳይጠኑ፣ በትንንሽ አሳታሚ ወይም በራስ ኪስ የሚሠራ የጊታር ሙዚቃ ማለት ነው። ባዝኮክስ የተባለው የማንቸስተር ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ከወዳጅ ዘመድ ወደ 500 ፓውንድ ተበድሮ የራሱን ሸክላ በራሱ አሳተመ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙዎች በዚያው መንገድ ሄዱ። እኔም የመቅጃውን ዕቃ የገዛሁት ዕቁብ ሲደርሰኝ ነው። (አዝማሪዎቻችን ማሲንቋቸውን ይዘው አሳታሚ ሳይጠይቁ ስንት ዘመን እንደ ኖሩ ሳስብ፣ ነገሩ ያን ያህል የፈረንጅ ፈጠራ አይመስለኝም።)

ቅኝቱ ላይ ብዙ ተጨቃጨቅን። በዲስቶርሽን የሻከረ ጊታር ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ይደፈርሳል፤ ስለዚህ የሮክ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን (ከመነሻው በሰባት ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚለውን) ብቻ አጣምረው ይመታሉ። እኛም ይህን ይዘን አራቱን ቅኝቶች፣ አንቺ ሆዬን፣ ባቲን፣ ትዝታንና አምባሰልን፣ መፈተሽ ጀመርን። ድምፃዊያችን አንቺ ሆዬን ፈለገ። በአንቺ ሆዬ ግን ከመነሻው ትክክለኛ አምስተኛ የሚሆነው ድምፅ የለም፤ ያለው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ነው። ክራር ላይ ልብ የሚያማልለው ያ ድምፅ በእኔ አምፕሊፋየር ሲወጣ ድንጋዩ እንደ ላላ ወፍጮ ያጓራል። ባቲን ድራም መቺው አልወደደውም፤ ምክንያቱን እስካሁን አልነገረንም። ትዝታ ለጊታሩ ይመቻል፣ አምስተኛውን ፍለጋ አያስቸግርም። እሱን የተቃወምኩት እኔ ነኝ። ትዝታ የሚዘፈነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ገና መካከሉ ላይ ቆመን ስለ አለፈ ነገር ብንተክዝ ማን ያምነናል? ደግሞም ትዝታ ሲጀመር አድማጩ ወዲያው ወደ ራሱ ሐሳብ ስለሚሄድ ግጥሙን የሚሰማ አይገኝም።

በመጨረሻ አምባሰል ላይ ረጋን። አምባሰል መነሻውም አምስተኛውም አለው። ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የሚለው ሁለተኛው ድምፅም የራሱን አምስተኛ ይዞ ቆሟል። ጊታሩ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ብቻ ይመላለሳል፤ አንድ እርምጃ ይነሣል፣ ይመለሳል። ይህን ያገኘሁ ምሽት መብራት ስላልነበረ በባዶ ጊታር ነበር የሰማሁት። በማግስቱ በአምፕሊፋየር ስንሞክረው ድራም መቺው ሳይጠራ ገባበት። የዘፈኑ ግማሽ በዚያው ሰዓት ተሠራ ብል ማጋነን አይሆንም።

ግጥሙ ግን አልመጣም። ስለ ማደግ የሚዘፍኑት የውጭ ባንዶች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ጸጥተኛ ሰፈር፣ ስለ አባት መኪናና በሌሊት ከተማውን ጥሎ ስለ መውጣት ነው። ሙዚቃቸውን እወደዋለሁ፤ መኪናውን ግን ምን ላድርገው? ከብዙ ወረቀት በኋላ የወጣው አዝማች የበዓል ልብስን ይመለከታል። እኔ ባደግኩበት ቤት ለእንቁጣጣሽ ልክ የሆነ ልብስ መግዛት ብክነት ነበር። እጅጌው ተጠቅልሎ፣ ወገቡ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ይለበሳል፤ ልጅቱ እያደገች ትሞላዋለች።

ለከርሞ ይሆናል፣ ሰፊ ልብስ ገዙልኝ፤
ከርሞ መጣ ሄደ፣ አሁንም ሰፋብኝ።

ይህችን ስዘፍን አላፍርም። ቀን ቀን የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ ደንበኞች አንቱ ይሉኛል፤ ፊርማዬ ቼክ ላይ ይወጣል። ያቺ የፈረመችው ሴት ማን እንደሆነች አንዳንዴ እኔም እጠይቃለሁ።

ሁለተኛውን ስንኝ የጻፈው ድምፃዊያችን ነው። እሱ ማደግ ማለት መሄድ ነው ባይ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ልቡን ሰርቆት፣ 380 ሜትር ተሻግሮ አዲስ አበባ ስለ መግባት ጻፈ። ድራም መቺው ሰምቶ ሲጨርስ «ድልድዩ እኮ የጎንደር መንገድ ነው» አለው። ልክ ነው፤ የአዲስ አበባ ተጓዥ በመርዓዊ በኩል ይወጣል እንጂ ዓባይን እዚህ አይሻገርም። ሳቅን፣ ተጣላን፣ ስንኙም ተሰረዘ። ከወራት በኋላ ድምፃዊያችን በመርዓዊ በኩል አዲስ አበባ ገባ። እዚያ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። አልተቀየምኩትም። የተከራየው ክፍል አልጋና ቤዝ ጊታር አንድ ላይ እንደማይችል ነግሮኝ ጊታሩን እኔ ጋ ትቶታል።

እሱ ሲሄድ ዘፈኑ እጄ ላይ ወደቀ። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ከሄደ ወዲያ ግን አንድ ነገር ታየኝ፦ ስለሚሄድ ሰው የተዘፈነው ሞልቷል፣ የቀረ ሰው ዘፈን ግን ጥቂት ነው፤ ያለውም የሄደውን የሚጠብቅ ነው። እኔ ማንንም እየጠበቅኩ አይደለም፤ እዚሁ እየኖርኩ ነው። ለጥምቀት የሚመጡ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ውኃው ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ ስንበላ «አሁንም እዚሁ ነሽ?» ይሉኛል። በክፋት አይደለም። እነሱ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ታክሲ ሰልፍ ይተርካሉ፤ የእኔ ተራ ሲደርስ እምቦጩ ዘንድሮ እንዴት ነው ተብዬ እጠየቃለሁ። የተሰረዘው ስንኝ ቦታ ላይ ይህ ገባ፦

ሂያጅ ስለ መንገድ ያወራል ተመልሶ፤
የቀረ ምን ይበል፣ ያው ውኃ ዳር ደርሶ?

ሦስተኛው ስንኝ ለቅሶ ቤት ነው የተጀመረው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት አሁን አሁን በእሷ ፈንታ የምደርሰው እኔ ነኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስገባ በር አካባቢ፣ ወጣቶቹ ጋ ልቀመጥ ብል ባልቴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው መካከላቸው ቦታ ለቀቁልኝ። አንዷ «የእናትሽ ጉልበት እንዴት ነው?» ብለው ስለ ቤታችን ሁሉ እኔን ይጠይቁኝ ጀመር። ሁሉንም መለስኩ። እግሬ ግን ተነሥቶ ከልጆቹ ጋር ውጪ ሊቆም ይፈልግ ነበር። ምሽቱን ደግሞ እናቴ የጣሪያውን ነገር አንሥታ «ምን ይሻለናል?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ድሮ ለአባቴ ስታቀርብ እሰማ ነበር፤ መልሱን የምትጠብቀው ከእኔ መሆኑን እስካውቅ ዝም አልኩ።

ይህ ሁሉ ወደ ስንኝ አልገባ ብሎ ቆየ፤ ይበዛል፣ ወይም ያስለቅሳል። አንድ እሑድ ያለቀውን ለእናቴ በስልኬ አሰማኋት። ጊታሩ ሲነሣ ፊቷን አጨማደደች፣ የልብሱ ላይ ሳቀች፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ጸጥ ብላ ሰማች።

«የሚያለቅሰው ለምንድን ነው?» አለች።

«ስላደገ ነው፣ እማዬ።»

«ይለቀስ ከተባለማ ላላደገ ነው እንጂ፣ ላደገ ሰው ምን ይለቀሳል?»

እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻት ልጅ አላደገችም። ስሟን በቤታችን ብዙ አንጠራም። ስለዚህ አልተከራከርኳትም፤ ትክክል ናት። ግን ዘፈኑም ውሸት አይመስለኝም። እሷ «እደጊ ተመንደጊ» ስትለኝ የኖረችው፣ ማደጉ ሲመጣ ምን እንደሚደረግበት ሳትነግረኝ ነው፤ ምናልባት ለእሷም የነገራት አልነበረም። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቅ ስላልመጣልኝ አላስታረቅኋቸውም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጊታሩ ያቆማል፣ ድራሙ ብቻ ይቀራል፣ እኔም «ላደገ ሰው ምን ይለቀሳል?» የሚለውን የእናቴን ጥያቄ እንዳለ እጠይቃለሁ። መልሱን አንዘፍነውም፤ ያው የአምባሰሉ ጊታር ይመለስና አዝማቹ ይቀጥላል።

ድራም መቺው ይህ ቦታ ረዝሟል ባይ ነው። አሁን ባንክ ተቀጥሮ ስለሚሠራ ሁሉን ነገር ማሳጠር ይወዳል። ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ካለ እንቀዳዋለን፤ ያኔ ይለይለታል። እናቴ አባባሏ ዘፈኑ ውስጥ እንደ ገባ ስነግራት ምን ያህል እንደሚከፈልበት ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። «እንዲያ ከሆነ ስሜን እንዳታነሡ» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።