ፀሐይ የበላው ጥልፍ

ሽሮ ሜዳ ባለችው ሱቄ መስታወት ውስጥ ወይን ጠጅ ጥልፍ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ለማኒኪን አልብሼ አቆምኩ። ነጠላውን አጣጥፌ ግራ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩበት። ከመስከረም እስከ ገና አልነካሁትም። ለጥምቀት የምትለብስ አንዲት ልጅ መጥታ "እሱን አውርጂልኝ" አለችኝ። ነጠላውን ሳነሳው ሁለታችንም ዝም አልን። ከስሩ ያለው ጥልፍ ወይን ጠጅ ነው፤ ሌላው ሁሉ የገረጣ ሮዝ ሆኗል።

"እህቴ፣ ይሄ ታጥቧል እንዴ?"

ውሃ የሚባል ነክቶት አያውቅም። ፀሐይ ነው የበላው።

ክሩን የሸጠልኝ ነጋዴ "ቀለሙ አይለቅም" ብሎኝ ነበር። የተረፈውን ክር ከነጭ ጨርቅ ጋር ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። እውነቱን ነው፣ ጠብታም አልለቀቀም። ለካ ውሃን መቻልና ብርሃንን መቻል ለየቅል ናቸው! ቀለም ቀለም ሆኖ የሚታየን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ያ የዋጠው ብርሃን ግን ከአየሩና ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ ቀስ በቀስ ራሱን ቀለሙን ይሰባብረዋል። የተሰበረው ደግሞ በምንም አይመለስም።

ከዚያ ወዲህ ሳልሞክር ክር አልገዛም አልኩ። የጫማ ካርቶን ቆርጬ 14 ዓይነት ክር ጎን ለጎን ጠመጠምኩበት። የእያንዳንዱን ክር ግማሽ በፎይል ሸፍኜ ካርቶኑን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። አንዱን ክር እቤት በእርድ ያቀለምኩት ነበር። እሁድ እሁድ ፎይሉን ገለጥ አድርጌ አያለሁ።

እርዱ በመጀመሪያው ሳምንት ሄደ። በሦስተኛው ደማቁ ሮዝ ተከተለው። በጣም የገረመኝ ቀዩ ነው። ከሁለት ነጋዴ የገዛኋቸው ሁለት ቀይ ክሮች በዓይን አይለዩም ነበር። በሁለተኛው ወር አንዱ እንዳለ ነው፣ ሌላው ጡብ መስሏል። ጥቁሩና ጥቁር ሰማያዊው ንቅንቅ አላሉም።

ያ ፎይል ባይኖር ምንም አላይም ነበር። በየቀኑ የምታየው ነገር ሲደበዝዝ ዓይን አብሮ ይላመዳል። ቀሚሱን አራት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ እያየሁት አልነቃሁም።

አልትራቫዮሌት የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ፕላስቲክም መስታወቱ ላይ አስለጠፍኩ። ጠቅሟል፣ ግን ሮዙን አላዳነውም። የሚታየው ብርሃንም ቀለም ይጎዳልና። ዋናው የሚጠራቀመው የብርሃን መጠን ነው። ሙዚየሞች ስስ ጨርቅ የሚያሳዩት በ50 ሉክስ ገደማ ነው፤ ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። እንግዲህ አስሉት፤ አንድ ሰዓት ፀሐይ ሙዚየም ውስጥ 2,000 ሰዓት ማለት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የበጋው ሰማይም ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐይዋ ትበረታለች።

አሁን የማኒኪኑን ልብስ ሰኞ ሰኞ እቀይራለሁ። መስታወቱ ጋ የሚቆመው ጥቁርና ሰማያዊ ጥለት ያለው ብቻ ነው። ደማቆቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። እናቴ ነጩን ፀሐይ ላይ፣ ባለቀለሙን ገልብጣ ጥላ ውስጥ ታሰጣ ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም።

የዚያች ልጅ ቀሚስ ጥልፉ ተፈትቶ እንደ አዲስ ተጠለፈ። ጠላፊው 9 ቀን ፈጀበት፣ ሂሳቡን እኔ ቻልኩ። ለጥምቀት ደረሰላት።

ካርቶኗ አሁን ባንኮኒው ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ሮዙን መረጠች። ፎይሉን ገልጬ ሁለቱን ግማሽ አሳየኋት። ትንሽ አሰበችና "ለሰርጌ ቀን ነው፣ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው" አለችኝ። ልክ ናት። ክሩን ለጠላፊው ሰጠሁት።