ቻርጀሩን ጥሎ የሄደው ሌባ

ሰኔ ላይ ድሬዳዋ መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው ካያችሁ ወይ ኤሲ አለው ወይ እንግዳ ነው። እኛ ቤት ኤሲ የለም። ቬንትሌተሩ አለ፣ እሱም ያንኑ ትኩስ አየር ከዚህ ግድግዳ ወደዚያ ግድግዳ ከማመላለስ ሌላ ሥራ የለውም። ስለዚህ ወደ መንገድ የሚያየው መስኮት ሌሊቱን ክፍት ያድራል። ፍርግርግ ብረት አለው፣ ሰው አያሳልፍም። የተከደነ ላፕቶፕ በጎኑ እንደሚያሳልፍ ግን ማንም አስቦት አያውቅም ነበር፣ ከአንድ ሰው በስተቀር።

ጠዋት ስነሳ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ቻርጀሩ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ጫፉ መሬት ወድቋል። ውጭ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጫፉ ላይ ሽቦ የታሰረበት ረጅም እንጨት ተጥሏል። እናቴ እንጨቱን አገላብጣ አየችና «ይሄማ የኛው የማንጎ ማውረጃ ነው» አለች። በገዛ እንጨታችን!

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፣ ስልኬን ከፍቼ «የጠፋ ላፕቶፕ እንዴት ይገኛል» ብዬ መፈለግ። ዊንዶውስ ፋይንድ ማይ ዲቫይስ የሚባል ነገር አለው፣ ካርታ ላይ ያሳያል ይላሉ። እውነት ነው፣ ግን ላፕቶፑ ከመሰረቁ በፊት ይሄ ነገር ሴቲንግ ውስጥ ኦን መደረግ አለበት፣ በማይክሮሶፍት አካውንት መግባትም ግድ ነው። የኔን ፎርማት ያደረገልኝ ልጅ አካውንቱን ዘሎ በሎካል ነበር የከፈተው፣ እኔም «ተገላገልኩ» ብዬ አመስግኜው ነበር። ስለዚህ ካርታው ቀረ።

ከዚያ ቴሌግራም ትዝ አለኝ። ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ስትነኩ አካውንታችሁ የተከፈተባቸውን ዕቃዎች በሙሉ ይዘረዝራል። ከፈትኩት። ላፕቶፔ አለ፣ ከሥሩ «አዲስ አበባ» ይላል።

ወንድሜ አንገቱን ነቀነቀ። «አለቀ፣ አዲስ ገብቷል።» እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አመንኩ፣ እውነቴን ነው፣ አንድ ሁለት ሰዓት ያህል አምኜ ተቀምጬ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። በአንድ ሌሊት ይሄን ሁሉ መንገድ? ወደ ላይ ከፍ አድርጌ የራሴን ስልክ አየሁ። እጄ ላይ ያለውን፣ እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ቁጭ ብዬ የያዝኩትን ስልክ። እሱም አዲስ አበባ ነው የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌግራም የሚያየው የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ዕቃው ኢንተርኔት ሲገባ የሚሰጠውን ቁጥር ነው፣ አድራሻው ደግሞ በኔትወርክ አቅራቢው ስም የተመዘገበበትን ከተማ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ደግሞ እንደ ስልክ ጂፒኤስ የላቸውም፣ የት እንዳሉ የሚገምቱት በዙሪያቸው ካለው ዋይፋይ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ» የሚለውን አይታችሁ አውቶብስ እንዳትሳፈሩ። በዚያ ላይ የመጨረሻ የተከፈተበት ሰዓት የኔው ነው፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት። ሌባው ገና አልከፈተውም ነበር። ፈጥኜ ከቴሌግራሙ አስወጣሁት፣ የኢሜሌንም ፓስዎርድ ቀየርኩ። ላፕቶፑ ፓስዎርድ አለው ብላችሁ አትጽናኑ፣ ዲስኩ ራሱ ኢንክሪፕት ተደርጎ ካልተቆለፈ ነቅለው ሌላ ላይ ሲሰኩት ፋይሉ ፊት ለፊት ነው።

ፖሊስ ጋ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰውዬ የአባቴ እኩያ ነው፣ «አንቱ» ብዬው ቢሆን ግን ይስቅብኝ ነበር፣ ድሬ አይደለን። «ደረሰኝ አለህ?» የለኝም፣ ያገለገለ ነው የገዛሁት። «እሺ ሲሪያል ቁጥሩስ?» እሱንም አላውቅም። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ ብናገኘው ያንተ መሆኑን በምን እናውቃለን አቦ?»

ልክ ነው፣ ምን እላለሁ። ቤት ተመልሼ ማታውን ሙሉ የቆየ ቻት ስበረብር አደርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ባትሪ ሳፈላልግ የላፕቶፑን ሆድ ፎቶ አንስቼ ለአንድ ጓደኛዬ ልኬለት ነበር። ተለጣፊው ላይ ሞዴሉም ሲሪያል ቁጥሩም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ያን ባትሪ ሳልገዛው መቅረቴ ደግሞ ኋላ የጠቀመኝ ነገር ሆነ። አሮጌው ባትሪ ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆይማ!

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ሌባው ቻርጀር የለውም። 20 ደቂቃው ሲያልቅ ይዞት የቀረው ብረት ነው፣ ያለ ቻርጀር ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ እሱ ወይም የገዛው ሰው አንድ ቀን ቻርጀር ፍለጋ ይወጣል፣ ጫፏ ሰማያዊ የሆነችውን ቀጭኗን የኤችፒ ቻርጀር።

ታይዋን የሚባለውን የድሬ ገበያም ከዚራ ሰፈርንም በእግሬ ዞርኩ። ከቀትር በኋላ ሄጄ ነበር መጀመሪያ፣ እንዴት ያለ ጅል ነኝ፣ ያን ሰዓት ግማሹ ሱቅ ተዘግቶ ባለቤቱ በርጫ ላይ ነው። አመሻሹ ላይ ተመለስኩ። ለየሱቁ ሲሪያል ቁጥሩንና ስልኬን የጻፍኩበት ወረቀት ሰጠሁ። አንዱ «ላፕቶፕ ነው ቻርጀር የጠፋብህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላው ግን ወረቀቱን ባንኮኒው መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል ለጠፈው።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ጠጋኝ ደወለ። «ና አቦ፣ ቻርጀር የሌለው ኤችፒ መጥቷል፣ ፓስዎርዱን አጥፋልኝ ይላል።» ተለጣፊው በምላጭ ተፍቆ ነበር። ጠጋኙ ግን ብልጥ ነው፣ የራሱን ቻርጀር ሰክቶ ሲያስነሳው ባዮሱ ውስጥ፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ ውስጥ ገባና ቁጥሩን ከዚያ አነበበ። ዊንዶውሱን መቶ ጊዜ ፎርማት ብታደርጉት ያ ቁጥር ማዘርቦርዱ ላይ ይቀራል።

ፖሊስ ይዤ ሄድኩ። ያመጣው ወጣት ከመንገድ በ7 ሺህ ብር ነው የገዛሁት ብሎ ማለ፣ ፊቱ ሲታይ እውነቱን ይመስላል፣ አሳዘነኝም። ማን እንደሸጠለት እየተጣራ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ለማስረጃ ተብሎ ሦስት ሳምንት ጣቢያ ቆየ፣ እሱን ለማስወጣት የተመላለስኩት ከፍለጋው ይበልጣል።

ጠጋኙ ብር አልቀበልም አለ። የአወዳይ ጫት ይዤለት ስሄድ ግን እምቢ ማለት አልቻለም፣ አንድ ሁለት ቅጠል አየት አደረገና ወንበር ሳበልኝ።