ጥፍር መቁረጥ ያቆሙት አባት

ያኔ ውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ አባት ትንፋሽ እያጠራቸው ለሦስተኛ ጊዜ ተኙ። ካርዳቸውን ሳገላብጥ ለሳሉ አንቲባዮቲክ፣ ለእግራቸው እብጠት የሚያሸና መድኃኒት፣ ለጥፍራቸው ደግሞ የፈንገስ ክኒን ተሰጥቷቸዋል። ሁሉም በየፊናው ያየውን አክሟል፤ የተሻለ ነገር ግን የለም። ልባቸው በአልትራሳውንድ ታይቶ ደህና ነው፤ ኩላሊታቸውም ጉበታቸውም እንደዚያው።

ከሳንባቸው ዙሪያ የቀዳሁት ፈሳሽ ሊምፎሳይት (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) የበዛበት ሆነ። እንዲህ ያለ ውጤት ሳይ ሐሳቤ የሚሮጠው ወደ ቲቢ ነው። ምርመራው ጀርሙን ባያገኝም መድኃኒቱን ላስጀምራቸው ወረቀት መሙላት ይዣለሁ።

አጠገቤ ነርሷ የኦክስጅን መለኪያውን ከጣት ጣት ታቀያይራለች፤ አላነብ ብሏታል።

«አባባ፣ ጥፍርዎን ማን ነው የሚቆርጥልዎት?»

«ኧረ ልጄ፣ ከቆረጥኩት ስድስት ወር አለፈኝ። አያድግም እኮ!»

ቀና ብላ አየችኝ። እጃቸውን ይዤ በደንብ ያየሁት ገና ያኔ ነው (ሦስት ቀን ሙሉ የልብ ምታቸውን የቆጠርኩበትን እጅ!)። ጥፍሩ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ግራና ቀኙ የጎበጠ ነው። ሥሩ ላይ ያለችው ነጭ ጨረቃ የለችም፤ ጥፍሩን ከጣት ጋር የሚያያይዘው ስስ ቆዳም ጠፍቷል። ካልሲያቸውን አወለቅኩ፤ የእግራቸውም ያው ነው። አሥሩንም የእጅና አሥሩንም የእግር ጥፍር እኩል የያዘ ፈንገስ አይቼ አላውቅም።

ሲኒየር ሐኪሙ መጡና አንዴ አይተው «የሎው ኔል ሲንድረም» አሉ፤ የቢጫ ጥፍር ሕመም እንደማለት ነው። ሳማንና ኋይት የተባሉ ሐኪሞች በ1964 የገለጹት፣ አልፎ አልፎ የሚታይ በሽታ ነው። መንስኤው በውል አልተለየም፤ የሊምፍ መስመሮች (ከሰውነት ሕብረ ሕዋስ ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች) ፈሳሹን በወጉ አለማፍሰሳቸው ግን ዋናው ጥርጣሬ ነው። ለይቶ የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ምርመራ የለውም። ጥፍሩ፣ እብጠቱና ሳንባው በዓመታት ልዩነት ሊመጡ ስለሚችሉ ሦስት ሐኪም ሦስት የተለያየ በሽታ ቢያይ አይገርምም።

ቁርጥ ያለ ፈውስም የለውም። ፈሳሹን ቀዳን፣ እግራቸውን በፋሻ አሠርን፣ ቫይታሚን ኢ ጀመርንላቸው። ትንፋሻቸው ቀለል አለ፤ ጥፍራቸው ግን ከሆስፒታል ሲወጡም ቢጫ ነበር።

የቲቢውን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩት። የነርሷን ጥያቄ ግን ወሰድኩባት፤ የሚያስል ታካሚ በመጣ ቁጥር ጥፍሩን መቼ እንደቆረጠ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ ይስቁብኛል።