አራት ሜትር ግንብ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። አለቃዬ ለጉዳይ ወጥቷል። እኔ ርዝመቷ አራት ሜትር በሚሆን አጭር ጥንታዊ ግንብ ፊት ተንበርክኬ በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ክፍተት በኖራ እየሞላሁ ነው። ሥራው እሑድ ጠዋት ይታያል። ዝናቡ ግን እሑድን የሚጠብቅ አይመስልም።

ኖራ አይቸኩልም። ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ነው የሚጠነክረው። እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለህ፣ ውሃ ትረጭለታለህ፣ ለቀናት እንደ አራስ ትጠብቀዋለህ። እኔ ደግሞ ወደዚህ የጥንት ፍርስራሽ ጥገና ሥራ ከመምጣቴ በፊት ስድስት ዓመት አፓርታማ ስገነባ የኖርኩ ሰው ነኝ። እጄ የለመደው ሲሚንቶ ነው። ዛሬ ትለስናለህ፣ ነገ ትደገፍበታለህ። ዕቃ ቤት ውስጥ ለጊዜያዊ አጥር ተገዝቶ የተረፈ ሲሚንቶ ነበር። ሁለት አካፋ አመጣሁና ኖራው ላይ ጨመርኩ። ሳይመሽ ጨረስኩ።

ሌሊቱን ዘነበ። ግንቧ ምንም አልሆነችም። እሑድ አለቃዬ ጎንበስ ብሎ አያትና «ቆንጆ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ።

ቦታው ቤት ሸአን ነው፤ በሰሜን እስራኤል፣ የዮርዳኖስ ሸለቆ ዳር። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ቤትሳን ሲባል ያውቃታል። ፍልስጥኤማውያን የሳኦልን ሬሳ ያንጠለጠሉት በዚህች ከተማ ቅጥር ላይ ነው። ያኔ ከተማዋ የነበረችበት ጉብታ ዛሬም አለ። እኛ የምንሠራው ከጉብታው ሥር በተዘረጋው የሮማውያን ዘመን ከተማ ውስጥ ነው። ያኔ ስሟ ስኪቶፖሊስ ነበር። ወንጌል ላይ «አሥር ከተማ» ተብለው ከተጠሩት አንዷ ናት። ከዮርዳኖስ በስተምዕራብ የነበረችውም እሷ ብቻ ነች።

ላላየው ሰው ትንሽ ላሳየው። መጀመሪያ ቲያትሩ አለ። በዘመኑ ወደ 7,000 ሰው ያስቀምጥ ነበር። የላይኛው መቀመጫ ፈርሷል፣ የታችኛው ግን ዛሬም ያስቀምጣል። ከዚያ በግራና በቀኝ ምሰሶ የተደረደረበት፣ 150 ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ይመጣል። ጎን ለጎን መታጠቢያ ቤቶቹ አሉ። ወለላቸው በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ የተንሳፈፈ ነው። በሥሩ የእሳት ሙቀት እየዞረ ከላይ ያለውን ክፍል ያሞቅ ነበር። የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም አለ። ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉ ድንጋዮች በረድፍ ይታያሉ፤ ሰው የሚቀመጠው በሁለቱ መሀል ነው። ከሥር ውሃ የሚሄድበት ቦይ አለ። ጎብኚ ሁሉ እዚህ ሲደርስ ይቆማል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከቲያትሩ ይልቅ የምወደው እሱን ነው። ለማንም ተራ ሰው ተብሎ የተሠራ ነገር ነውና።

ዮርዳኖስን ተሻግረህ ጀራሽ ብትሄድ ይሄንኑ ታገኛለህ፤ ቲያትር፣ ምሰሶ ያለው መንገድ፣ መታጠቢያ ቤት። አልጄሪያ ውስጥ ቲምጋድም ያው ነው። ሮም ስንት ባሕርና ተራራ ማዶ ናት። ሐሳቡ ከዚያ መጣ። ድንጋዩ ግን የአካባቢው ነው፤ ጥቁሩ ባዛልትና ነጩ የኖራ ድንጋይ። እብነ በረድ በዚህ አገር ስለማይገኝ በመርከብ ነበር የሚመጣው። ከመንገዱ ጎን፣ በሞዛይክ ላይ፣ ያሠራው አገረ ገዥ ስሙ ተጽፏል፤ ፓላዲየስ ይባላል። የጠረበው ሰው ስም የለም። ከእሱ የቀረው ድንጋዩ ላይ ያለው የመሮው መስመር ነው። በ749 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጥር ወር የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ጣላት። መስመሩ ግን አፈር ውስጥ ሆኖ ቆየን።

ወደ ግንቧ ልመለስ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በሁለተኛው መጨረሻ፣ ፀሐይ መክረር ስትጀምር፣ አለቃዬ በዚያ ሲያልፍ ቆመ። ይህ ሰው በ1986 ትልቁ ቁፋሮ ሲጀመር ሥራ አጥ ከነበሩ የከተማው ልጆች ጋር አካፋ ይዞ የገባ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልሄደም። ድንጋይ ግን ያነባል። ጠራኝና ሳይናገር በጣቱ አሳየኝ።

እኔ የሞላሁት መስመር ደህና ነው። ጠንክሮ፣ ግራጫ ሆኖ እንደ አጥንት ወደ ውጭ ፈጥጧል። ድንጋዩ ነው የሸሸው። በመስመሩ ዙሪያ ዳርዳሩ ተልጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሥሩ ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ተነጥፏል። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ነው።

«እዚህ ውስጥ ምን ጨመርክ?»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ነገርኩት።

«ና» አለኝ። ጥንታዊ የውሃ ቦይ ጋ ወሰደኝና ሚስማር ሰጠኝ። «ፋቀው» አለ። ለአመል ያህል ጫር ጫር አደረግሁት። ወደ ቀይ የሚያደላ ኖራ ነው፤ ውስጡ የተፈጨ የሸክላ ስባሪ ይታያል። ሮማውያን ውሃ በሚነካው ቦታ ሸክላ ፈጭተው ከኖራ ጋር ያቦኩ ነበር። ቪትሩቪየስ የሚባለው የሮም መሐንዲስ ከ2,000 ዓመት በፊት ጽፎታል፤ ከወንዝ አሸዋ ጋር ሲሆን አንድ ሦስተኛ የተፈጨና የተነፋ ሸክላ ቢጨመርበት ይሻላል ይላል። ሚስማሩ ጭረት ብቻ ትቶ አለፈ።

አለቃዬ ቦዩ ዳር ተቀመጠ። «ድንጋይ ውሃ ይጠጣል» አለ። «የጠጣውን ደግሞ ማውጣት አለበት። ኖራ በር ነው። ሲሚንቶ በሩን ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ውሃው በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል። ጨውም ይዞ ነው የሚወጣው። ውሃው ሲደርቅ ጨው ከድንጋዩ ቆዳ ሥር ያብጥና ልጦ ይጥለዋል። ከሁለቱ አንዱ መበላት ካለበት ኖራው ይበላ። ኖራ ነገም እናቦካለን። ያንን ድንጋይ ግን ማን መልሶ ይጠርብልናል?»

ከዚያ ሲነሣ የተናገረው ነው እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣው። «እሑድ ዕለት ብትነግረኝ ገና አልጠነከረም ነበር፤ በአንድ ጠዋት እናወጣው ነበር።»

ማውጣቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በአራት ሰዓት ውስጥ የሠራሁት ሥራ ነው። ግራይንደር አይቻልም፤ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። ትንሽ መዶሻና ቀጭን መሮ ይዤ ሲሚንቶውን እንደ ቅርፊት እፈለፍላለሁ። መታ፣ እፍ፣ መታ፣ እፍ። ጉልበቴ ቆሰለ። በዘጠነኛው ቀን አንዱ መስመር እንደ ልማዱ ተሰነጠቀና ወደቀ። ብቻውን አልነበረም። የእጅ መዳፍ የምታህል የድንጋይ ልጥ ይዞ ወረደ። ገልበጥ ሳደርገው ፊቱ ላይ የባለ ጥርስ መሮ መስመሮች አሉ፤ ስስ፣ ትይዩ፣ በአንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ። እጄን እንደ ያዥው አዘንብዬ መስመሩን ተከተልኩት። ቀኝ እጁ ነበር የሚሠራው፤ ከላይ ወደ ታች። አንድ ቦታ ላይ መሮው ዘልሎበት መልሶ አስተካክሎታል። ይህን ሁሉ እያየሁ ልጡ መዳፌ ላይ ለሦስት ተሰበረ።

አለቃዬ ፎቶ አነሣው፣ መዝገብ ላይ ጻፈው፣ ስብርባሪውን ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት ውስጥ ከተተ። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ ማታ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ከጎንደር ገጠር ነው የመጣው። የእኛ የቤተ እስራኤል ሰዎች በግንበኝነትና በአንጥረኝነት የታወቁ ናቸው። በጎንደር ነገሥታት ግንባታ ላይም ሠርተዋል። የፋሲል ግንብም እኮ በኖራ ነው የቆመው። አባቴ ዝም ብሎ ሰማኝና «ጎንደርም ላይ ጣልያን ሲሚንቶ ለጥፎበት ነበር» አለኝ። በኋላ ሳነብ እውነት ነው። በወረራው ጊዜ ግንቦቹን ሲጠግኑ ሲሚንቶና አርማታ ተጠቅመዋል። ፋሲል ግቢ በ1979 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የተለጠፈው ሲሚንቶም በጥገና እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። በየትኛው መሮ፣ በስንት ቀን እንደተፈለፈለ አሁን በደንብ ይገባኛል።

አባቴ ግን ስለ ሲሚንቶው አልጨነቀውም። ቡናውን አስቀምጦ፣ «ለሰውየው ራስህ ነገርኸው ወይስ ደረሰብህ?» አለኝ።

«ጠየቀኝና ነገርኩት።»

«ሳይጠይቅህ ሁለት ክረምት አለፈ በለኛ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ ወዲህ የማቦካውን ሁሉ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ደብተር እጽፋለሁ፤ ስንት ኖራ፣ ስንት አሸዋ፣ ምን ያህል ሸክላ፣ በየትኛው ቀን። የተሳሳትኩትን ያንኑ ዕለት በቀይ እጽፈዋለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የግንቧን ታሪክ እኔው ራሴ ነኝ የምነግረው፤ ሲሚንቶውን ማን እንደጨመረም ጭምር።

ግንቧ ዛሬም እዚያው ናት። ልጡ የወደቀበት ድንጋይ ፊቱ ለስላሳና ባዶ ሆኖ ይታያል። በኖራ ደግሜ ሞልቻታለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ዐሥራ አንድ ቀን ጆንያ አልብሼ፣ ጠዋትና ማታ እያጠጣሁ። ዝናብ ባቆመ ማግስት ሄጄ አያታለሁ። ድንጋዮቹ ቀድመው ይደርቁና ይነጣሉ። በመሀላቸው ያለው የኖራ መስመር ግን እስከ እኩለ ቀን እርጥብና ጠቆር ያለ ነው። ውሃው በዚያ በኩል እየወጣ ነው።