ከድሮ የስራ ባልደረባ ጋር ስትጠፋፉ

በየቀኑ አብራችሁት የምትሰሩት ሰው አለ አይደል፣ አንዳችሁ ስራ ስትለቁ "እንደዋወላለን" ተባብላችሁ ትለያያላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት እውነትም ትደዋወላላችሁ፣ ቀስ እያለ የልደት ሜሴጅ ብቻ ይቀራል፣ በመጨረሻ እሱም ይቀራል። እኔ እንደሚመስለኝ አብዛኛው ሰው የሚጠፋው አፍሮ ነው። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ አሁን ብደውል ምን ፈልጎ ነው ይለኛል" እያለ ያሳልፈዋል፣ ባሳለፈው ቁጥር ደሞ መደወሉ ይብስ ይከብደዋል።

እፍረቱ ግን ያለው በደዋዩ በኩል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ 2022 ላይ እነ ፔጊ ሊዩ ባወጡት የሳይኮሎጂ ጥናት፣ ሰው ጋር ሰላም ለማለት የጻፉ ሰዎች ተቀባዩ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አሳንሰው ነው የገመቱት፣ በተለይ ሜሴጁ ሳይታሰብ ሲመጣ። እስቲ አስቡት፣ የድሮ ባልደረባችሁ ዛሬ ድንገት ቢጽፍላችሁ "ምነው ጠፋህ" ትሉታላችሁ እንጂ ትቀየሙታላችሁ እንዴ?

ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ 1973 ባሳተመው ጥናት በሰው በኩል ስራ ያገኙትን "ያንን ሰው በምን ያህል ጊዜ ነበር የምታገኙት?" ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ወደ 56 በመቶው አልፎ አልፎ፣ ወደ 28 በመቶው ደሞ በጣም በስንት ጊዜ አንዴ ነው ያሉት፣ ቶሎ ቶሎ የሚያገኙት ወደ 17 በመቶ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የቅርብ ጓደኛችሁ የሚሰማውን እናንተም ትሰሙታላችሁ፣ የራቀው ሰው ግን ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ወሬ ውስጥ ነው ያለው። እ.ኤ.አ 2011 ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደሞ ማናጀሮችን ቢያንስ ሶስት አመት ካልተገናኟቸው ሰዎች ምክር እንዲጠይቁ አድርጎ ነበር፣ ያገኙት ምክር አዲስና ጠቃሚ ነበር፣ መተማመኑም አብሮ አልጠፋም።

እና ምን ብለን እንጻፍ? "ሰላም ነው?" ብቻ አትጻፉ በናታችሁ፣ ሰውዬው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እየጠበቀ ይጨነቃል። የሚታወስ ነገር ጻፉ፣ "ያኔ ያሳየኸኝን የኤክሴል ዘዴ እስካሁን እጠቀምበታለሁ፣ ዛሬ ትዝ አልከኝና ነው፣ ምንም ፈልጌ አይደለም" በቂ ነው። ስለመጥፋታችሁ ረጅም ይቅርታም አያስፈልግም። የምትፈልጉት ነገር ካለ ደሞ እዛው መጀመሪያ ሜሴጅ ላይ በግልጽ ንገሩት፣ ሶስት ቀን ሰላምታ ተለዋውጦ አራተኛው ቀን ላይ "እንትን ነበር..." ማለት ያስቀይማል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ደሞ ውጤት አለመንገር ነው። ሲቪያችሁን ለቦሱ የሰጠላችሁ ሰው፣ ስሙን አስይዞ የመሰከረላችሁ ሰው፣ ስራውን ማግኘታችሁን ከሌላ ሰው ነው የሚሰማው። ባይሳካም እኮ ንገሩት፣ "አልሆነም ግን ስለደከምክልኝ አመሰግናለሁ" ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁሉንም ሰው መያዝ አይቻልም ደሞ። ሊንክድኢን እስከ 30,000 ኮኔክሽን ይፈቅዳል፣ ሮቢን ደንባር የሚባል የሰው ልጅ ግንኙነት ተመራማሪ ግን ሰው በእውነት ግንኙነቱን ጠብቆ ሊይዝ የሚችለው ወደ 150 ሰው ነው ብሎ ገምቷል፣ ከስራ ሰዎች ደሞ ከዛ በጣም ያነሰ ነው የሚሆነው። ስለዚ ምረጡ። ስትመርጡ ስልጣን ያለውን ብቻ አትዩ፣ አብራችሁት መስራት ደስ ያላችሁን ሰው ያዙ።

ፕሮሞሽን ያገኘ ሰው "እንኳን ደስ አለህ" የሚለው አያጣም፣ ከስራ የተቀነሰ ሰው ግን ስልኩ ጭጭ ይላል፣ ሁሉም ምን እንደሚለው ስለሚጨንቀው። እንደዚህ አይነት ወሬ ስትሰሙ በዛው ቀን ደውሉ። የምታውቁት ክፍት ቦታ ካለ ሲቪውን ላክልኝ በሉት፣ ከሌለም ዝም ብላችሁ አስወሩት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደሞ እንደገና ደውሉለት፣ ያኔ ነው ሌላው ሰው ሁሉ መደወል የሚያቆመው።