ሰባት ቁጥር

የጠዋት ርክክብ ላይ ነበርን። ሌሊቱን ያደረችው ነርስ ከአልጋ አልጋ እየሄደች የእያንዳንዱን ታካሚ ሁኔታ ትነግረናለች፤ የቀን ተረኞቹ ይከተሏታል፤ እኔ ማስታወሻዬን ይዤ ከኋላ አለሁ። አንዱ አልጋ ጋ ስንደርስ ከወረቀቱ ቀና ሳልል፣ "ሰባት ቁጥር ማታ ትኩሳቱ ተለክቷል?" አልኩ።

ከአልጋው ማዶ ወንበር ላይ ያደረች ሴት አለች፤ የታካሚው ልጅ ናት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ ፊቷም አልተለወጠም። "ሲስተር፣ አባቴ ስም አለው" አለችኝ።

ሰውየው እኛ ጋ ከተኙ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ስማቸውን ጠርቼ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ ስሙ አልመጣልኝም። ጎንበስ ብዬ ከካርዱ ላይ አነበብኩት። ልጅቷ ሳነብ ታየኛለች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ያኔ ነርስ ከሆንኩ አሥራ ስድስት ዓመት፣ የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ ደግሞ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። አዲስ ነርስ ሲመደብልኝ መጀመሪያ የምነግረው ነገር "ታካሚ በአልጋ ቁጥር አይጠራም" የሚል ነው። ይህንን የማስተምረው እኔ ነኝ። ስለዚህ የዚያን ቀን ያስደነገጠኝ ስም መርሳቴ ብቻ አልነበረም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስማቸውን እንደማላውቅ አለማወቄ ነው።

ኃላፊነቱን ስቀበል በሙሉ ልቤ ነበር። ጀማሪ ሳለሁ ሌሊት አንድ ታካሚ እጄ ላይ ሲከብድብኝ ለአለቃዬ ደውዬ ስልኩ ሳይነሳ የቀረበት ቀን አለ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስልኩ ሲጠራ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ተራው የእኔ ሲሆን፣ በእኔ ጊዜ ማንም ነርስ እንደዚያ ብቻዋን አትቆምም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ "ስልኬ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው" አልኳቸው። ቃሌንም ጠበቅሁ። ስልኩ ትራሴ ሥር ያድራል። ተረኛ ሲቀር እኔ እገባለሁ። በዓመት እረፍቴ ላይ ሆኜ የመድኃኒት መጠየቂያ ፈርሜያለሁ። የእህቴ ልጅ ስትመረቅ ግማሹን ጊዜ ውጭ ቆሜ ስልክ ሳወራ ነው ያሳለፍኩት። "ያለ እርስዎ ይሄ ክፍል አንድ ቀን አያድርም" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያ ንግግር ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር። አንድ ሰው ሲጎድል የማያድር ክፍል በደንብ ተመርቷል አይባልም።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። በርንአውት ይሉታል፤ ተቃጥሎ ማለቅ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚህ ነገር የጻፈው የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ኒውዮርክ ውስጥ በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ይሠራ ነበር። የጻፈው ከሩቅ ያየውን አይደለም፤ በባልደረቦቹም በራሱም ላይ የደረሰውን ነው። ቶሎ የሚቃጠለው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ ሰነፉን ሳይሆን ለሥራው ራሱን የሰጠውን ሰው ነው። ይህንን ያነበብኩ ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ ደከመኝ ስል ዓላማዬን የተውኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ይህ ነገር በሩን አንኳኩቶ የሚገባው ዓላማ ያለው ሰው ቤት ነው።

ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መለኪያ ነገሩን ሦስት ቦታ ከፍለው ያዩታል። አንዱ የስሜት መሟጠጥ ነው፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌላው የሠራሁት ሁሉ ዋጋ የለውም የሚል ስሜት ነው። ሁለቱን ሳነብ ብዙም አልደነገጥኩም። በመሃል ያለው ነው የወጋኝ፦ የምታገለግለውን ሰው ከሰውነቱ አውጥቶ እንደ ዕቃ ማየት። ሰባት ቁጥር። ደግ ነርስ በአንድ ሌሊት ክፉ አትሆንም፤ ልቧ ራሱን ለማትረፍ ቀስ በቀስ በር ይዘጋል፤ በሩ ሲዘጋ ውጭ የሚቀረው ታካሚው ነው።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" የሚለውን ተረት እንደ ስድብ ነበር የምሰማው። አሁን ለዚያች ሴት አዝንላታለሁ። የራሷ ማረሩ እንዳይሸታት ያደረጋት የሰው ማማሰሉ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ መናገር የምፈልገው ግን ስለ ፈረቃ ሰሌዳው ነው። ክፍላችን ውስጥ ሃያ ሁለት ነርሶች ነበሩ። በወር ውስጥ አንዷ ትታመማለች፣ አንዷ ትወልዳለች፣ አንዱ ሥልጠና ይሄዳል፤ ሰሌዳው ላይ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። እኔ እርሳሴን አንሥቼ ክፍቱ ላይ ስሜን እጽፋለሁ። በወሩ መጨረሻ ሰሌዳው ወደ አስተዳደር ሲሄድ አንድም ክፍት የለበትም። አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚህ አደረግሁ። አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ኃይል ጨምሩልን ብዬ ደብዳቤ ስጽፍም የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነበር፦ "ሰሌዳችሁ ሙሉ ነው።" ተናድጄ እመለስ ነበር። ያልሰሙኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ እጥረቱን በገዛ እጄ የደበቅሁት እኔ መሆኔን አላየሁም። መስዋዕትነቴ ለነርሶቼ ጋሻ ሆኗቸዋል ብዬ ሳምን፣ ችግሩ እንዳይታይ መጋረጃ ሆኖ ኖሯል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው አዲስ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በርንአውትን ሲያካትተው በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ብሎ ነው ያስቀመጠው። ለእኔ ይህ አገላለጽ ትልቅ ነገር ነው። ድካሙ የእኔ ድክመት ብቻ ከሆነ መድኃኒቱ ተኝቶ መነሣት ነው። ሥሩ ሥራው ውስጥ ከሆነ ግን ሳምንት አርፌ ወደዚያው ሰሌዳ ብመለስ ምን ለወጥኩ?

በቀጣዩ ወር እርሳሱን አስቀመጥኩ። ስሜን አልጻፍኩም። አሥራ አንድ ፈረቃ ክፍት ሆኖ ቀረ፤ እያንዳንዱን በቀይ ከብቤ፣ ከሥሩ "ሰው የለም" ብዬ ጽፌ ላክሁ። በዚያው ቀን ተጠራሁ። የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ አለቃ የሆኑት ሜትሮኗ ወረቀቱን እያገላበጡ "ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ። "ሁልጊዜም የነበረ ነው፤ እኔ ነበርኩ የምሸፍነው" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና "ስንት ጊዜ?" አሉ። ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ያ ወር ከባድ ነበር፤ ከሌላ ክፍል ሰው ተዋስን፣ አስቸኳይ ያልሆኑ ታካሚዎችን ማስተኛት ዘገየ፣ የተቆጡብኝም ነበሩ። ከአራት ወር በኋላ ሁለት ነርስ ተጨመረልን። የሚበቃ አይደለም። ግን ከአምስት ዓመት ደብዳቤ ይልቅ አንድ ባዶ ሰሌዳ ተሰማ።

ስለ እንቅልፍ ደግሞ አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ቀን ሠርቼ፣ ማታ የቀረችውን ተረኛ ተክቼ ገብቻለሁ፤ ከነቃሁ ሃያ ሰዓት አልፎኛል። ለአንዲት እናት አራት ዩኒት ኢንሱሊን ታዟል። ቀዳሁ። ኢንሱሊን ሲሰጥ ሁለተኛ ነርስ አይታ ማረጋገጥ አለባት፤ ሥራ ከጀመረች ስድስት ወር የሆናት ልጅ ጠራሁ። ሲሪንጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ዝም አለች። ከዚያ በቀስታ፣ "ሲስተር፣ ይሄ አርባ አይደለም?" አለችኝ። አራት ማለት ከታች ያለች ትንሽ መስመር ናት፤ እኔ የያዝኩት ሲሪንጅ ግማሽ ሊደርስ ምንም አልቀረው። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ዓይኔም ደህና ያየ መስሎኝ ነበር፤ አስፈሪው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ጥናት፣ አሥራ ሰባት ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ጠጥቼ ወደ ታካሚ አልጋ አልሄድም። እንቅልፍ አጥቼ ስሄድ ግን እመሰገን ነበር።

ያቺ ልጅ ያንን ባትናገር ኖሮስ? እንድትናገር የሚያስችል ድፍረት ስለነበራት አመሰግናታለሁ፤ አለቃዋ ነኝና ዝም ልትል ትችል ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀን ከሰባት ሰዓት ያላነሰ መተኛትን እንደ እጅ መታጠብ ነው የምቆጥረው። ሥራው ውስጥ ያለ ግዴታ ነው።

ይህችው ልጅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይዟት ሥራ ገባች። ፊቷ ቀልቷል፣ ግንባሯን ብነካው ይፋጃል። ለምን መጣሽ ብዬ ተቆጣኋት። "እርስዎ አሞዎት ቀርተው አያውቁም" አለች። የምመልሰው አጣሁ። አንድም ቀን ታመሽ ግቢ ብዬ አላውቅም፤ እረፉ፣ ራሳችሁን ጠብቁ እያልኩ ነው የምውለው። ልጆቹ ግን የሚከተሉት አፌን ሳይሆን እግሬን ነው። ወደ ቤቷ መለስኳት፤ በእሷ ፈንታ ግን እኔ አልገባሁም። ክፍት ቦታው በቀይ ተከበበ።

የዓለም የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ጄኔቫ ላይ ያወጣው የሐኪሞች ቃል ኪዳን አለ። ለታካሚ፣ ለመምህር፣ ለባልደረባ የሚገባውን ክብር ሁሉ ይዘረዝራል። የተሻለ እንክብካቤ እሰጥ ዘንድ የራሴንም ጤናና ደህንነት እጠብቃለሁ የሚለው ዓረፍተ ነገር የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ማለት ነው። እዚያ ለመድረስ ሙያው ይህን ያህል ከፈጀበት፣ እኔ አምስት ዓመት በመቆየቴ ራሴን ይቅር ብያለሁ።

ነርስ ፈረቃዋ ሲያልቅ ታስረክባለች። ሥራው አያልቅም፤ ታካሚው እዚያው ነው፣ ሕመሙም እዚያው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ይህ ሙያችን ካለው ጥበብ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነው። ኃላፊ ስሆን ግን ርክክቡን ረሳሁት። አምስት ዓመት አንድ ፈረቃ ላይ ነበርኩ።

አሁን ክፍሉ የራሱ ስልክ አለው። እኔን ጨምሮ አራት ሆነን በየሳምንቱ እንቀባበለዋለን፤ የሌሊት ጥሪ የሚሄደው ወደ ተረኛዋ ነው፣ የማንኛዋም ነርስ ጥሪ ሁልጊዜ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ በሌሎቹ ሳምንት ሌሊት እየነቃሁ ባዶ ትራሴን እዳብስ ነበር። አንዷ ተረኛ እኔ ከማደርገው የተለየ ውሳኔ ስትወስን ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ከእኔ የተሻለ ወስናለች።

ባለፈው ዓርብ ስልኩን ሳስረክብ ተረኛዋ ደብተሯን ገልጣ "እሺ ሲስተር፣ ክፍሉ እንዴት ነው?" አለችኝ። በሩ ጋ ቆሜ ከመጀመሪያው አልጋ ጀመርኩ። የተኙት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ወረቀት አልያዝኩም። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ስማቸውን በተራ እጠራለሁ፤ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። አንድ ወጣት ነው፣ ትራሱን ደገፍ ብሎ መስኮቱን ያያል። ስሙን ጠርቼ ወደ ስምንተኛዋ አለፍኩ።