«67 ከ66 ይበልጣል» የተባለለት ሶኬት

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኝ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ በማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ ያለ አንድ ተንቀሳቃሽ ፓምፕ በየማለዳው ሥራ ያስፈታን ጀመር። ፓምፑ ኃይል የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከተገጠመ ባለ 32 አምፔር፣ ባለ አራት እግር ቀይ የኢንዱስትሪ ሶኬት ነበር። የሌሊቱ ፈረቃ መስመሩን አጥፍቶ ወለሉንና ማሽኖቹን ያጥባል፤ የጠዋቱ ፈረቃ ገብቶ ብሬከሩን ሲያነሣ ግን ወዲያው ይወድቃል። ደግመው ቢያነሡትም ይወድቃል። ረፋዱ ላይ፣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ፣ ማንም ምንም ሳይነካው ይነሣና እስከ ማታ ያለ ችግር ይሠራል።

እንዲህ ያለ ብልሽት የሚያስከትለው የመጀመሪያው አደጋ ሰዎች መከላከያውን ራሱን እንደ ጥፋተኛ መቁጠራቸው ነው። የምርት ክፍሉ ኃላፊ አንድ ቀን ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ «ኢንጂነር፣ ይህ ብሬከር ስስ ነው፤ ተራውን ብሬከር ግጠሙልንና እንገላገል፤ ወተቱ ታንከር ውስጥ እየጠበቀ ነው» አለኝ። እውነት ነው፣ ወተት አይጠብቅም። ነገር ግን «ስስ» የተባለው የፍሳሽ ብሬከር ወደ መሬት የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊአምፔር ሳይሞላ መስመሩን እንዲቆርጥ የተሠራ ሲሆን፣ የተገጠመውም ሠራተኞች ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ ወለል ላይ ቆመው የብረት ፓምፕ በእጃቸው ስለሚገፉ ነው። ተራው ብሬከር የሚያየው ከመጠን ያለፈ ጭነትንና ሾርትን ብቻ ነው፤ በሰው አካል አልፎ ወደ መሬት የሚሄድ ጥቂት ሚሊአምፔር ለእርሱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ መቀየሩን አልተቀበልኩም፤ በምትኩ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ፓምፑ ከሌላ ሶኬት በረጅም ኬብል እንዲሠራ አደረግን።

እንደተለመደው ሁሉም የጠረጠረው ሞተሩን ነበር። አንድ ጠዋት ብሬከሩ በወደቀበት ሰዓት ከአንድ ወጣት ቴክኒሺያን ጋር ሆነን ዋናውን አጥፍተን ቆለፍን፤ ቮልቴጅ አለመኖሩንም በቴስተር አረጋግጠን ክፍሎቹን አንድ በአንድ ለይተን በሜገር (ኢንሱሌሽንን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያፈተልክ የሚከለክለውን ሽፋን፣ በሚለካ መሣሪያ) ለካን። ለእንደዚህ ያለ መስመር መለኪያው 500 ቮልት ሲሆን፣ በፌዝ (ኃይል በሚያመጣው ሽቦ) እና በመሬት መካከል ያለው የኢንሱሌሽን መጠን ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም። ሞተሩ ከዚያ በብዙ እጥፍ የላቀ ንባብ ሰጠን፤ የፓምፑ ኬብልም እንዲሁ። የግድግዳው ሶኬት ላይ ስንደርስ ሜገሩ ዜሮ አለ። በመልቲሜትር ስናየው በአንዱ ፌዝና በመሬት እግሩ መካከል ያለው ከ10 ኪሎ ኦም በታች ነበር። 220 ቮልት ለ10 ሺህ ኦም ሲካፈል 22 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ደግሞ በደንቡ መሠረት እስከ ግማሹ፣ ማለትም እስከ 15 ድረስ ይታገሣል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የመውደቅ መብት አለው። ብሬከሩ ስስ አልነበረም፤ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር።

የሶኬቱን ፊት አራቱን ብሎኖች ፈትተን ስንከፍተው ውሃው ወለል ብሎ አልፈሰሰም። የታየው ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጠብታዎቹ የተቀመጡት በመጀመሪያው ፌዝና በመሬቱ መካከል ባለው የፕላስቲክ ገጽ ላይ ሲሆን፣ በስሩ የማጠቢያው ሶዳ ደርቆ የተወው ነጭ ቅርፊት እንደ ድልድይ ተጋድሞ ነበር። ንጹሕ ውሃ ብዙ አያስተላልፍም፤ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ግን በደንብ ያስተላልፋል። ረፋድ ላይ ክፍሉ ሲሞቅ ጠብታው ይደርቃል፤ ደረቁ ቅርፊት ያን ያህል ስለማያስተላልፍ ብሬከሩ ይነሣል፤ ሌሊት እንደገና ይርሳል። የመዳቡ ተርሚናል ጠርዝ አረንጓዴ ዝገት ማውጣት ጀምሯል፤ የአንዱ ፌዝ እጅጌም (የስፒናው እግር የሚገባበት የብረት ቱቦ) ውስጡ ጠቁሯል። ወደዚህ ጥቁረት በኋላ እመለሳለሁ።

ሶኬቱ ላይ የተጻፈው አይፒ 67 ነው፤ አይፒ አንድ ዕቃ አቧራንና ውሃን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገር ምልክት ነው። የመጀመሪያው አሃዝ፣ 6፣ አቧራ ፈጽሞ እንደማይገባ ይናገራል፤ ሁለተኛው፣ 7፣ የውሃው ነው። ታዲያ እንዴት ገባ? የመጀመሪያው መልስ የፓምፑ ስፒና ላይ ተገኘ። ስፒናው ከፓምፑ ጋር የመጣ ሲሆን፣ የተጻፈበት አይፒ 44 ነበር፤ ይህም ከየትኛውም አቅጣጫ ለሚረጭ ጠብታ እንጂ ለሌላ አይደለም። ሁለቱ መጠናቸውም ቀለማቸውም አንድ ስለሆነ፣ የመሬት እግራቸውም በሰዓት አቆጣጠር 6 ቁጥር ላይ ስለሚውል፣ ያለ ምንም ትግል ይገጣጠማሉ። የአይኢሲ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን) 60309 ደረጃ ቀለሙንና የመሬት እግሩን ቦታ የወሰነው ሰማያዊው ባለ 220 ከቀዩ ባለ 380 ጋር እንዳይቀላቀል ነው፤ ባለ 44ቱ ከባለ 67ቱ ጋር እንዳይገጥም ግን አይከለክልም። ባለ 67ቱ ስፒና ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ቀለበትና በውስጡ የጎማ ማሸጊያ አለው፤ ባለ 44ቱ ይህ የለውም። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የሚገኘው ጥበቃ የደካማው ነው። የሶኬቱ ክዳን ክፍት ሆኖ ቢውል ደግሞ 67 የሚለው ጽሑፍ ለማስታወቂያ ያህል ብቻ ይቀራል፤ ቁጥሩ የሚሠራው ወይ ስፒናው ገብቶ ቀለበቱ ሲጠብቅ፣ ወይ ክዳኑ ተጠምዝዞ ሲቆለፍ ነው።

ሶኬቱን አጽድተን ስፒናውን ወደ ባለ 67 ቀየርን። ችግሩ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። በየማለዳው ይወድቅ የነበረው አልፎ አልፎ መውደቁን ቀጠለ።

በዚህ ጊዜ ነው ከግዥ ክፍሉ ባልደረባ ጋር የተከራከርነው። በውሃ ግፊት የተፈተነ፣ ቢያንስ 66 የሚል ጽሑፍ ያለበት ሶኬት ይገዛልን ብዬ ጠየቅሁ። እርሱም የገዛውን ዕቃ ካታሎግ ገልጦ፣ «ኢንጂነር፣ ያለን እኮ 67 ነው፤ 67 ከ66 ይበልጣል፤ የሚያንስ ዕቃ ለምን በተጨማሪ ገንዘብ እገዛለሁ?» አለኝ። በትምህርት ቤት ሒሳብ ትክክል ነው፤ ኦዲተርም ቢጠይቀው መልሱ ያስመሰግነው ነበር። እኔ በበኩሌ እንዲህ በተጻፈ ቁጥር የሚሳሳትን ሰው አልወቅስም፤ ቁጥሩን ያወጡት ሰዎች ናቸው አንባቢውን ያሳሳቱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአይፒ ቁጥሮችን በሚወስነው ደረጃ፣ በአይኢሲ 60529፣ የውሃው አሃዝ እስከ 6 ድረስ መሰላል ነው፤ 6ን ያለፈ ዕቃ ከ6 በታች ያሉትንም እንዳለፈ ይቆጠራል። 5 የሚባለው ፈተና 6.3 ሚሊሜትር ስፋት ባለው አፍንጫ በደቂቃ 12.5 ሊትር ውሃ፣ 6 የሚባለው ደግሞ በ12.5 ሚሊሜትር አፍንጫ በደቂቃ 100 ሊትር ውሃ፣ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ መርጨት ነው። 7 ላይ ሲደረስ ግን መሰላሉ ይቋረጣል። 7 ማለት ዕቃውን 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ማጥለቅ ነው፤ ረጋ ያለ ውሃ፣ ከሁሉም አቅጣጫ በእኩል የሚጫን። እንዲያውም ይህ እኩል ጫና ክዳኑን በማሸጊያው ላይ ይበልጥ የሚያጣብቅበት ጊዜ አለ። ከጎን የሚመጣ ኃይለኛ ውሃ ግን የማሸጊያውን ጠርዝ ፈልቅቆ ያነሣዋል። ስለዚህ 7ን ያለፈ ዕቃ 5ንም ሆነ 6ን አልፏል ማለት አይቻልም፤ ሁለቱንም ያለፈ ከሆነ አምራቹ 66/67 ብሎ ሁለቱንም ይጽፋል። 67 ብቻ የተጻፈበት ሶኬት የውሃ ግፊት ሊቋቋምም ላይቋቋምም ይችላል፤ ማንም ቃል አልገባልንም።

ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላም የግዥው ባልደረባ ፊቱ ላይ ጥርጣሬ ነበር። ያን ጊዜ በክፍሉ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን፣ «በወሬ ከምናደክመው ለምን በዓይኑ አናሳየውም?» አሉ። ከመጋዘን አንድ አዲስ ባለ 67 ሶኬት አወጡ፤ የኬብል መግቢያውን በደንብ ዘግተው፣ ውስጡን ደረቅ ሶፍት ጠቅጥቀው ክዳኑን አጠበቁት። ከጣሪያ የወረደ አሮጌ ሮቶ ውኃ ተሞልቶ ነበርና፣ ሶኬቱን በድንጋይ አስረው ከውሃው ወለል 1 ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው አሰጠሙት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አውጥተው፣ ውጪውን በጨርቅ አድርቀው ሲከፍቱት ሶፍቱ ደረቅ ነው፤ በጣታቸው ቢፈትሉትም አልተጣበቀም። የግዥው ባልደረባ ፈገግ አለ። ጋሼም ምንም ሳይሉ ክዳኑን መልሰው አጠበቁና ሶኬቱን የማጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አስረው፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷን ጠርተው፣ «የኔ ልጅ፣ ሌሊት እንደምታጥቢው አድርገሽ እጠቢው» አሏት። እርሷም ሃይ ፕሬዠሩን ይዛ እንደ ልማዷ ወደ ሶኬቱ ተጠግታ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆና፣ በክዳኑ ዙሪያ አንድ ጊዜ አዞረችው። ሲከፈት ሶፍቱ ወደ ጥግ ተለጥፎ፣ ግማሹ ርሶ፣ ከማጠፊያው በኩል ውሃ ሲንጠባጠብ ታየ። ይህ የላቦራቶሪ ፈተና አይደለም፤ አፍንጫውም ርቀቱም ደረጃው ከሚጠይቀው ጋር አይገናኝም። ለእኛ ግን ሶኬቱ በየሌሊቱ የሚደርስበትን ነገር በትክክል አሳየን።

ይኸው ትዕይንት እኔ ከጠየቅሁት በላይ የሆነ ነገርም አሳየኝ። የእኛ ማጠቢያ ከ100 ባር በላይ ግፊት ያለው ሲሆን፣ የ6 ቁጥር ፈተና ደግሞ ከሜትሮች ርቀት የሚደረግ ነው፤ ስለዚህ 66/67 የሚል ሶኬት ብገዛም አፍንጫውን ከላዩ ላይ ለሚያስጠጋ ሰው መልስ አይሆንም። ለዚያ የተዘጋጀው ፈተና 9 ነው፤ እስከ 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከ80 እስከ 100 ባር በሚደርስ ግፊት ከቅርብ ርቀት ከአራት ማዕዘን ይረጭበታል። ይህ ፈተና መጀመሪያ በጀርመን ደረጃ ለተሽከርካሪ ዕቃዎች የወጣ ሲሆን፣ ወደ አይኢሲ 60529 የገባው በ2013 ነው። ከዚህም ሌላ ሁሉም ፈተናዎች የሚደረጉት በንጹሕ ውሃ ነው፤ ሶዳው በጎማው ማሸጊያ ላይ በወራት ውስጥ የሚያደርሰውን መድረቅና መሰነጣጠቅ አንዱም ቁጥር አይናገርም።

ወደ ጠቆረው እጅጌ ልመለስ። ቴክኒሺያኑ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ሊመልሰው አስቦ ነበር፤ ከለከልኩት። አይኢሲ 60309 ሶኬትና ስፒና ሲፈተኑ የተርሚናላቸው ሙቀት ከአካባቢው ሙቀት ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ይጠይቃል፤ ያ ፈተና የሚደረገው ግን እጅጌው አዲስ፣ ስፕሪንጉ ጠንካራ፣ ብሎኑም በተወሰነለት ኃይል የጠበቀ ሲሆን ነው። ዝገት የገባበት እጅጌ የመገናኛ ቦታው ይጠባል፤ ይግላል፤ ግለቱ ስፕሪንጉን ያላላዋል፤ የላላው ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ብርጭቆ ወረቀት ጥቁሩን ያነሣል፤ የላላውን ስፕሪንግ አይመልስም፤ በላዩ ላይ ያለውንም ልባጥ ይፍቃል። እንዲህ ያለውን ግለት የፍሳሽ ብሬከሩም ሆነ ተራው ብሬከር አያየውም፤ ጭነቱ ከ32 አምፔር ስለማያልፍ አንዱም ብሬከር አይወድቅም፤ ምልክቱ የፕላስቲክ መቅለጥ ሽታ ብቻ ነው። ሶኬቱንና ስፒናውን ሁለቱንም ጣልናቸው።

በመጨረሻ 69 የተጻፈበት ሶኬት አልገዛንም። ዋጋው ከፍ ያለ ከመሆኑም በላይ፣ ሶኬት የሚታጠብ ዕቃ አይደለም የሚለው የጋሼ ሐሳብ አሳመነኝ። በማሸጊያ ክፍሉ ያሉትን ሶኬቶች ውሃው በቀጥታ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ አፋቸውን ወደ ታች አዘንብለን በ66/67 ተካናቸው፤ የተንቀሳቃሽ ማሽኖቹም ስፒና ሁሉ ባለ ቀለበት ሆነ። በግዥ መጠየቂያው ላይም ሁለቱ ቁጥሮች ተለይተው እንዲጻፉ ተደረገ። የሌሊቱ ፈረቃ ኃላፊ ከእጥበት በፊት ስፒናዎች መነቀላቸውንና ክዳኖች መቆለፋቸውን አይታ ትፈርማለች፤ እኛም በየወሩ የፍሳሽ ብሬከሮቹን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጭነን መውደቃቸውን እናያለን። ከመሙያ ማሽኑ ሥር ያለው አንዱ ሶኬት ግን ኬብሉ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ እስካሁን አልተነሣም፤ የብረት መከለያ ሠርተንለት፣ ማሸጊያ ጎማውን በየሦስት ወሩ እንቀይራለን። መለዋወጫ ጎማውን ብቻውን የሚሸጥ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖብናል፤ አብዛኞቹ ነጋዴዎች የሚሸጡት ከነክዳኑ ነው።